ክሮሞሶሞችን ማን ነው የሚጎትታቸው? በማግ፣ በፀጉር ላስቲክና በልብስ መቆንጠጫ የማሳያ ዘዴ

ሰሌዳው ላይ የህዋስ ክፍፍልን አራት ደረጃዎች ስዬ ጨርሼ ነበር። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ። ልጆቹ እየገለበጡ ነው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ግን ክሮሞሶሞቹን ማን ነው የሚጎትታቸው?»

«እንዝርቱ» አልኳት። ህዋሱ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ወገን የሚለያየውን መዋቅር ማለቴ ነው።

«እንዝርቱስ የቱን ወዴት እንደሚጎትት በምን ያውቃል?»

መልስ አጣሁ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። የማውቀው ግን የደረጃዎቹን ስም እንጂ ሥራውን የሚሠሩትን አልነበረም። ለሳምንቱ መልስ ይዤ እንደምመጣ ነግሬያት ወጣሁ።

እናቴ ፈታይ ናት። ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች ማግ ታቀርባለች። ያን ሰሞን ማታ ማታ እሷ እንዝርቷን ስታሾር እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳነብ ከረምኩ። አንድ ማታ የገባኝን ለማየት ብዬ ከልቃቂቷ ትንሽ ማግ ለመንኳት። ይህን ትምህርት ከዚያ ወዲህ የማስተምረው በማግ ነው። ለአስተማሪም፣ ብቻውን ለሚያጠና ተማሪም ይሆናል ብዬ ዘዴውን እንዳለ ጻፍኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ማጎች፣ ሁለት ሁለት ሜትር ይበቃል። ማግ ካጣችሁ የሹራብ ክር ይሆናል። ስምንት ትንንሽ የፀጉር ላስቲክ፣ ሁለት ቀይ ዶቃ፣ ስድስት የልብስ መቆንጠጫ፣ ስድስት የለስላሳ ስትሮ፣ ውሃ የተሞሉ ሁለት ሃይላንዶች፣ ሁለት መቀስ፣ መርፌና ክር፣ ፕላስተር፣ አንድ ፖስታ። ሁሉም ሰፈር ሱቅ አለ።

ከሁሉ በፊት አንዱን መቀስ ፖስታው ውስጥ ከታችሁ አሽጉት። ጠረጴዛው ዳር ይቀመጥ። ህዋሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መቁረጫው ገና ከመነሻው በእጁ አለ፣ ግን ታሽጓል።

መጀመሪያ ማሰር

ልጆች መለያየትን ሲያስቡ ከመጎተት ነው የሚጀምሩት። ህዋሱ የሚጀምረው ከማሰር ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዙልኝ ሌላው ይከተላል።

ሁለቱን ማጎች ጎን ለጎን ዘርጓቸው። ማጉ ክሮሞሶም ነው፣ ማለትም የዘር መረጃ የያዘው ረጅም የዲኤንኤ ክር። ህዋሱ ከመከፈሉ በፊት ተቀድቶ ሁለት እኩል ክር ሆኗል። እህትማማች ክሮማቲዶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስምንቱንም ላስቲኮች ሁለቱን ማጎች አንድ ላይ እንዲያቅፉ አድርጋችሁ ከዳር እስከ ዳር አሰልፏቸው።

ላስቲኩ ኮሂሲን ነው። ኮሂሲን አንድ ፕሮቲን አይደለም። ኤስኤምሲ1፣ ኤስኤምሲ3 እና ራድ21 የሚባሉ ሦስት ፕሮቲኖች ተያይዘው የሚሠሩት ቀለበት ነው፤ አራተኛ ፕሮቲን ደግሞ ይደገፍባቸዋል። በ1997 በእርሾ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው ያገኙት። ሁለቱን ክሮች በመሀሉ አሳልፎ እንደ ቀለበት ያቅፋል የሚለውን ሐሳብ ቪየና የነበሩት ኪም ናስሚዝና ባልደረቦቻቸው በ2002 አወጡት።

መቼ እንደሚታሰር ልብ በሉ። ዲኤንኤው እየተቀዳ ሳለ ነው፣ እዚያው በዚያው። ለምን? የሰው ህዋስ 46 ክሮሞሶም አለው። ከተቀዳ በኋላ 92 ክር ይሆናል። 92ቱን ዝም ብሎ በትኖ በኋላ «የማን እህት የቷ ናት?» ብሎ መፈለግ የማይሞከር ነው። ሲወለዱ ከታሰሩ ግን ፍለጋ የለም።

ይህ እስራት ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚችል ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። የሴት ልጅ እንቁላሎች ክፍፍላቸውን የሚጀምሩት እሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። ከዚያ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት፣ አርባ ዓመት። ያን ሁሉ ጊዜ ክሮሞሶሞቹን የሚይዘው ኮሂሲን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቀለበቱ ይላላል። እናት በዕድሜ ስትገፋ እንደ ዳውን ሲንድሮም ያለ፣ አንድ ክሮሞሶም የተረፈበት እርግዝና ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ይህን የምናገረው ልጆቹ በሽታውን እርግማን ነው ሲሉ ስለምሰማ ነው። እርግማን አይደለም። የላላ ቀለበት ነው።

መጠቅለል

ሁለት ሜትር ማግ ሳይጠቀለል ቢጎተት ተጠላልፎ ይበጠሳል። የሰው አንደኛው ክሮሞሶም ዲኤንኤው ቢዘረጋ ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለክፍፍል ሲደርስ ግን ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የማይበልጥ በትር ሆኖ ይታያል።

የሚጠቀልለው ኮንደንሲን ነው። እሱም የኮሂሲን ዘመድ የሆነ ቀለበት ነው። ክሩን ይዞ በመሀሉ እየሳበ ዘለላ ያወጣል። ዳንቴል የምትሠሩ ሰዎች ኪሮሹ ክሩን ስቦ ሲያወጣ አስቡት። ሆላንድ ዴልፍት ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች አንዷ ኮንደንሲን ዘለላ ስትስብ በ2018 በዓይን አሳይተዋል። እናንተም ሁለቱንም ማጎች በየራሳቸው ዘለላ እያወጣችሁ ሰብስቧቸው። ሳይምታቱ፣ በየራሳቸው።

እግረ መንገዳችሁን ከስምንቱ ላስቲኮች ስድስቱን ከዳርና ከዳር አውጡ። መሀል ላይ ሁለቱን ብቻ ተዉ። ህዋሱም የክንዶቹን ቀለበት አብዛኛውን በዚህ ሰዓት ያነሳል። የመሀሉን የሚጠብቀው ሹጎሺን የሚባል ፕሮቲን ነው። ስሙ ጃፓንኛ ነው፣ ጠባቂ መንፈስ ማለት ነው።

መያዣውን መገንባት

እንግዲህ ልጅቷ ወደ ጠየቀችው እየደረስን ነው። ክሮሞሶም ለስላሳ ክር ነው፣ ምኑ ተይዞ ይጎተታል? መያዣ ያስፈልገዋል። መያዣው ኪኔቶኮር ይባላል፤ የሚገነባውም እንደ ቤት ከመሠረት ወደ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይቆምም።

መሠረቱ ቀዩ ዶቃ ነው። በእያንዳንዱ ማግ መሀል ላይ አንድ አንድ ዶቃ እሰሩ። ሁለቱ ዶቃዎች ጀርባና ጀርባ ይሁኑ፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ይይ። ዶቃው ሴንፕ-ኤ ነው። ዲኤንኤ የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሴንፕ-ኤ ከእነሱ የአንዱ ዓይነት ነው፣ ግን የሚቀመጠው በአብዛኛው እዚህ መሀል ላይ ብቻ ነው። «መያዣው እዚህ ይሠራ» ብሎ ቦታውን የሚያመለክተው እሱ ነው። የተገኘበት መንገድ ደስ ይለኛል። ቆዳን የሚያጠነክር አንድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደም የገዛ ክሮሞሶማቸውን መሀል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ነበረው። ተመራማሪው ዊልያም ኧርንሾ በ1985 በዚያ ደም ተጠቅመው ሴንፕ-ኤን ከሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች ጋር ለዩ።

መሠረቱ ላይ 16 ፕሮቲኖች ያሉት ስብስብ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ስም አላስሸመድድም። ዶቃውን በመርፌና ክር ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቃችሁ ስትሰፉት እሱን አደረጋችሁ በቃ።

ቀጥሎ እጁ ነው። ከእያንዳንዱ ዶቃ ሦስት አጫጭር ክሮች አውጡና በየጫፋቸው የልብስ መቆንጠጫ እሰሩ። አጭሩ ክር ሚስ12 የሚባለው ስብስብ ነው፣ መሠረቱን ከእጁ ያገናኛል። መቆንጠጫው ኤንዲሲ80 ነው። አራት ፕሮቲኖች ያሉት፣ ከ50 እስከ 60 ናኖ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ዘንግ ነው። አንዱ ጫፉ ወደ ክሮሞሶሙ፣ ሌላው ጫፉ ወደ ውጭ። ሥራው መንከስ ነው። ከጎናቸው ኬኤንኤል1 የሚባል አለ፤ እሱን ቆይተን እንፈልገዋለን።

አንድ መቆንጠጫ ብቻ አድርጋችሁ ጎትቱ። ይንሸራተታል። ሦስቱን አድርጉ። ያዘ አይደል? አንዷ ኤንዲሲ80 ብቻዋን ደካማ ናት፤ ህዋሱም በአንዷ አይተማመንም፣ ብዙዎችን ጎን ለጎን ያሰልፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ስትሮዎቹ

ሁለቱን ሃይላንዶች በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ አቁሙ። እነዚህ የእንዝርቱ ሁለት ዋልታዎች ናቸው። ከእያንዳንዱ ሃይላንድ ሦስት ስትሮ ወደ መሀል ይምጣ፣ በአንድ በኩል ሃይላንዱ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ። ስትሮው ማይክሮቲዩብል ነው። ውስጡ ባዶ መሆኑ እውነት ነው። ውፍረቱ 25 ናኖ ሜትር ሲሆን ቲዩቡሊን ከሚባሉ ጡቦች ይገነባል። የሰው አንድ ኪኔቶኮር ከ15 እስከ 20 የሚሆኑትን ይይዛል፤ እርሾ ግን በአንዲት ብቻ ይጎትታል።

ግራ ያለው ዶቃ መቆንጠጫዎች የግራውን ስትሮዎች ጫፍ ይንከሱ፣ የቀኙም የቀኙን።

እዚህ ላይ ቃላችን ራሱ ያሳስተናል። እንዝርት ስንል ክሩ እንዝርቱ ላይ እየተጠመጠመ የሚሰበሰብ ይመስለናል። የእናቴ እንዝርት እንደዚያ ነው። እኔም ለዓመታት ህዋሱ ውስጥ እንደዚያ ነው ብዬ አስቤ ነበር፣ ዋልታው እንደ ልቃቂት እየጠቀለለ የሚስብ። ስሙ ግን የመጣው ከቅርጹ ነው፣ መሀሉ ሰፋ ጫፎቹ ቀጠን ስላሉ። ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ማይክሮቲዩብሉ በዋናነት የሚያጥረው ክሮሞሶሙ በያዘው ጫፍ በኩል ነው። ጡቦቹ ከጫፉ እየተፈለፈሉ ይወድቃሉ፣ መያዣው ደግሞ ሳይለቅ እየፈረሰ ያለውን ጫፍ ይከተላል። በ1987 ማይክሮቲዩብሉ ላይ ምልክት አድርገው ሲያዩ ምልክቱ ቦታው ላይ ቆሞ ክሮሞሶሙ ወደ እሱ ሲመጣ አይተዋል።

ልጆቹ እንዲገባቸው ስትሮውን መቆንጠጫው ካለበት ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር እቆርጣለሁ፣ መቆንጠጫውን ወደ አዲሱ ጫፍ አሻግራለሁ። (ለዚህ ሌላ መቀስ ያዙ፣ የታሸገው አይከፈት።) ደግሜ እቆርጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ ሁሉ «አሃ» ይላል።

ስትሮ እንዳይሠራ ብታደርጉስ? ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ይህን ነው የሚያደርገው። ከማዳጋስካር ሐምራዊ አበባ የተገኘ ነው፣ ቲዩቡሊን ይዞ እንዳይገነባ ያግዳል። የጎረቤታችን ልጅ የደም ካንሰር ታሞ በዚህ ሲታከም እናቱ ሌሎቹን መድኃኒቶች ሳትይዝ የዚህን ስም በቃሏ ይዛው ነበር። ምን እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። በእነዚሁ ስትሮዎች አሳየኋት።

ዓይን ሳይኖር ማወቅ

የትምህርቱ ልብ ይህ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉት፣ ይህን ግን አትዝለሉ።

ህዋስ ዓይን የለውም። ግራና ቀኝ በትክክል መያያዙን ማየት አይችልም። ታዲያ በምን ያውቃል? አንድ ተማሪ ዓይኑን ይጨፍን፣ ሁለቱን ዶቃዎች በሁለት ጣቱ በቀስታ ይንካ። ሌሎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይያይዙ። መጀመሪያ ሁለቱንም ዶቃ ከአንድ ሃይላንድ ጋር አያይዙና ሳቡ። ከዚያ አንዱን ከግራ፣ አንዱን ከቀኝ አያይዙና ሳቡ። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ የትኛው ትክክል እንደሆነ ሳይሳሳት ይነግራችኋል። ትክክል ሲሆን መሀል ላይ ያሉት ሁለቱ ላስቲኮች ይወጠራሉ፣ ጣቱ ላይ ይሰማዋል። ስህተት ሲሆን ሁለቱ አብረው ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ፣ ውጥረት የለም።

ህዋሱም የሚያውቀው በውጥረት ነው። ዶቃዎቹ መሀል ኦሮራ ቢ የሚባል ኢንዛይም ይቀመጣል። ውጥረት ከሌለ ኤንዲሲ80 ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል፣ ንክሻው ይላላል፣ ስትሮው ይለቀቃል። ያኔ እንደገና ይሞከራል። ሲወጠር ግን መቆንጠጫዎቹ ከመሀል ይርቃሉ፣ ኦሮራ ቢ አይደርስባቸውም፣ ንክሻው ይጠብቃል። ማሰር ከመጎተት የቀደመው ለዚህ ነው። እህትማማቾቹ ካልተሳሰሩ ውጥረት የለም፣ ውጥረት ከሌለ ትክክሉን ማወቂያ የለም።

አንድ ተንኮለኛ ስህተት አለ። ከግራው ዶቃ ሦስት መቆንጠጫዎች ሁለቱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ስትሮ ይንከሱ። የቀኙ ዶቃ በትክክል ይያዝ። ጨፍኖ የያዘው ልጅ «ትክክል ነው» ይላል። ውጥረት አለዋ! ህዋሱም ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል። በኋላ እህቶቹ ሲለያዩ ያ ክሮሞሶም በሁለት ወገን እየተሳበ መሀል ላይ ይቀራል።

እጅ ማውጣት

ስምንት ተማሪ አቁሙ። እያንዳንዱ አንድ ኪኔቶኮር ነው። ማይክሮቲዩብል ያልያዘ እጁን ያውጣ። ስትሮ እየሰጣችሁ ሂዱ፣ የያዘ እጁን ያውርድ። ሕጉ አንድ ነው። አንድ እጅ እንኳ ከወጣ ፖስታው አይከፈትም።

እጅ ማውጫው ቅድም ያቆየነው ኬኤንኤል1 ነው። ስትሮ ያልያዘ መያዣ እሱ ላይ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይሰበስባል፣ ማድ2 ከሚባለው ጋር ሆነው ሲዲሲ20ን ያስሩታል። ሲዲሲ20 የፖስታው ከፋች ረዳት ነው። በ1995 ኮንሊ ሪደርና ባልደረቦቻቸው ያልተያያዘችውን የመጨረሻዋን ኪኔቶኮር በሌዘር መቷት። ህዋሱ ክሮሞሶሙ ሳይያያዝ ክፍፍሉን ቀጠለ። ብቻዋን ያን ሁሉ ያቆመችው እሷ ነበረች ማለት ነው። በዚያው ዓመት ብሩስ ኒክላስና ባልደረባቸው ማንቲስ በሚባል ነፍሳት ህዋስ ውስጥ ጥንድ ያጣውን ክሮሞሶም በቀጭን መርፌ ሳቡት። ውጥረት ሲሰማው ቆሞ የነበረው ህዋስ ሄደ። እኛ በጣታችን ያደረግነውን እነሱ በመርፌ አደረጉት።

መቁረጥ

ሁሉም እጅ ሲወርድ ፖስታውን ቅደዱ። ፖስታው ሴክዩሪን ነው። ሲዲሲ20 ሲፈታ ኤፒሲ የሚባለውን ትልቅ ስብስብ ያነቃል፣ እሱም ሴክዩሪን ላይ «ይወገድ» የሚል ምልክት ይለጥፋል። መቀሱ ሴፓሬዝ ነው።

ላስቲኮቹን ቁረጡ። ማጉን አትንኩ። ሴፓሬዝ የሚቆርጠው ከቀለበቱ አንዱን ቁራጭ፣ ራድ21ን ነው። ሁለቱ ማጎች ተወጥረው ስለቆዩ ተስፈንጥረው ወደየወገናቸው ይሄዳሉ። የተቆረጠ ላስቲክ አይቀጠልም፣ ህዋሱም ከዚህ በኋላ መመለሻ የለውም። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለዚህ አፍታ ነው።

እውነተኛውን ማየት

ማይክሮስኮፕ ካላችሁ እዚህ አታቁሙ። ቀይ ሽንኩርት ላይ ሦስት ስቴኪኒ ወግታችሁ ቂጡ ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት። በሁለት ሦስት ቀን ሥር ያወጣል። ሥሮቹን ቁረጡና ሦስት እጅ አልኮል አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ በሆነ ድብልቅ ውስጥ አሳድሯቸው። ጠዋት በውሃ አለቅልቁ። ከዚያ 60 ዲግሪ በሞቀ 1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ስምንት ደቂቃ። ጓንት አድርጉ፣ ስታቀጥኑም አሲዱን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሩት እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም።

እንደገና አለቅልቁና የጫፉን ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ በምላጭ ቁረጡ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሴንቲ ሜትር እቆርጥ ነበር፤ የሚከፋፈል ህዋስ አጣሁ፣ ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ። የሚከፋፈሉት ጫፉ ላይ ናቸው። አንድ ጠብታ አሴቶካርሚን የሚባል ማቅለሚያ ጨምሩ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከቨር ስሊፕ ከድኑበት፣ በእርሳስ ላጲስ በቀስታ መታ መታ አድርጉት፣ ሶፍት ጣል አድርጋችሁ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። ጣታችሁ እንዳይንሸራተት።

በ400 እጥፍ አጉሉ። አብዛኛው ህዋስ ዝም ያለ ክብ ኒውክሊየስ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። በደንብ የተዘረጋ ሜታፌዝ (ክሮሞሶሞቹ መሀል ላይ የተሰለፉበት ደረጃ) ካገኛችሁ 16 ክሮሞሶም ትቆጥራላችሁ። መጽሐፉ ዋልታው ላይ የሚስላቸውን ሴንትሪዮሎች አትፈልጉ፣ ሽንኩርት የለውም። መቆንጠጫዎቹንም አታዩአቸውም፣ ለዚህ ማይክሮስኮፕ እጅግ ያንሳሉ። ሥራቸው ግን ይታያል። አናፌዝ ላይ፣ እህትማማቾቹ ሲለያዩ፣ ክሮሞሶሞቹ እንደ ቪ ፊደል ታጥፈው፣ መሀላቸው ቀድሞ ክንዶቻቸው እየተጎተቱ ይከተላሉ። የተያዙት መሀላቸው ላይ ነዋ።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው አንዲት ክሮሞሶም ብቻዋን መሀል የቀረችበት ህዋስ አገኘ። ስልኬን ዓይነ መስተዋቱ ላይ ደግፌ ፎቶ አነሳኋት። አሁን ማጉን፣ ላስቲኩንና መቆንጠጫውን ጨርሰን ጠረጴዛው ከተጸዳ በኋላ ያንን ፎቶ አወጣና «መቆንጠጫዎቹ የት የት ነክሰው ነበር?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።